አንድ ደብዳቤና አንድ መደርደሪያ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር
ግልባጭ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ሥነ ሕንፃ ለምታስተምሩና ለምትማሩ ሁሉ
ጉዳዩ፦ ነባር ቤቶችን ለመለካት የትብብር ደብዳቤ ስለመጠየቅ

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ በማመልከቻ መልክ ጀምሬው ነበር። "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" አልኩና እዚያው ቆምኩ። የምጠይቀው ነገር ትንሽ ነው። ለምን እንደምጠይቅ ግን በግማሽ ገጽ አያልቅም። ስለዚህ በአደባባይ ልጻፈው አልኩ። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ባይሰጠውም ሰው ያነበዋል።

የደሴ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ሆጤ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሥነ ሕንፃ አስተምሬያለሁ። ጠዋት ቲዎሪና ታሪክ፣ ከሰዓት በኮምፒውተር ዲዛይን። ሰው ይህን ሲሰማ ሁለት ሥራ ይመስለዋል፤ አንዱ የመጽሐፍ፣ አንዱ የማሽን። በአንድ ያስተማርኩበት ቦታ የደረጃ ዕድገት ጠይቄ ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ነበር። ሰብሳቢው ወረቀቶቼን አገላበጡና "እርስዎ ግን ከየትኛው ነዎት?" አሉኝ። "ከሁለቱም" አልኩ። "ቅጹ ላይ እኮ የሚሞላው አንድ ሳጥን ነው" አሉ። ተሳሳቅን። ዕድገቱ ግን ሁለት ዓመት ዘገየ።

አልተቀየምኩም። ተቀይሜ ነበር፤ አሁን አልፏል። ያ ሳጥን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ሁለቱን ነገር አንድ አድርጎ ያስተማረኝ ሰው ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አልነበረም።

አያቴ ኩታበር ነበር የምትኖረው። አንድ ክረምት ጎጆዋ አዘመመባት። ዝናቡ ሲያባራ አዲስ እንዲሠራላት ቤት ሠሪ ተጠራ። መንደሩ ሁሉ "አያ" ነበር የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። መሬቱን ደለደሉ። መሐሉ ላይ ካስማ ተከሉ። ካስማው ላይ ገመድ አሰሩ፣ የገመዱ ጫፍ ላይ ሹል እንጨት። ገመዱን ወጠሩ፣ "ቢስሚላህ" አሉና ዞሩ። መሬቱ ላይ ክብ ወጣ። በቃ፣ ፕላኑ እሱ ነው።

ልጅ ነኝ፤ አፌ አያርፍም። "አያ፣ ቤቱ ቢሰፋስ?" አልኳቸው።

"ገመዱን አስረዝመዋለኋ!"

"እንጨቱስ ይበቃል?"

ቆም አሉ። "ገመዱን አንድ ክንድ ካስረዘምሽው ዙሪያው ስድስት ክንድ ከጥቂት ጣት ይጨምራል። ለዚያ ስንት ቋሚ እንደሚበላ አውቃለሁ። አብሽሪ" አሉኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፓራሜትሪክ ዲዛይን የሚባለውን ትምህርት ለማስተማር ስዘጋጅ እኚህ ሰው ትዝ አሉኝ። በዚህ ዓይነቱ ዲዛይን መስመር አይደለም የሚሳለው፤ ደንብ ነው የሚጻፈው። ቋሚዎቹ በ30 ሳንቲም ርቀት ይተከሉ እንበል። ገመዱ 3 ሜትር ሲሆን ዙሪያው 18.85 ሜትር ነው፤ በሩን ሳንቀንስ 63 ቋሚ ይፈልጋል። ገመዱ 3.5 ሜትር ሲሆን ዙሪያው 22 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ቋሚው 73 ይሆናል። ኮምፒውተሩ ላይ አንዷን ቁጥር ትቀይራለህ፤ ቋሚው፣ ማገሩ፣ የክዳኑ ወራጅ ሁሉ ራሱን ያስተካክላል። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ይደነቃሉ። እኔ ደግሞ አያ ይህን ሁሉ በጭንቅላታቸው ይዘው ይዞሩ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ግማሾቹ አያምኑኝም።

የቲዎሪ ትምህርት ላይ ደግሞ ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲን አስተምራለሁ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ነው። የሮማን ካርታ መሥራት ፈለገ። ያኔ ካርታ የሚባዛው በእጅ ነበር፤ ገልባጩ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያጣምመዋል፤ አሥረኛው ቅጂ ላይ ከተማዋ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ስለዚህ አልቤርቲ ከሥዕሉ ይልቅ ቁጥሮቹን አስተላለፈ። ካፒቶሊን ኮረብታን መሐል አደረገ። ከዚያ ተነስቶ የከተማዋ በሮች፣ የቅጥሩ ማዕዘኖች፣ ዋና ዋናዎቹ ሕንፃዎች በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል ርቀት እንዳሉ በሰንጠረዥ አሰፈረ። ቁጥሮቹ ያሉት ሰው የትም ሆኖ ካርታውን መልሶ ያወጣዋል። ዛሬ ፋይል ልኬልሃለሁ ስንል የምናደርገው እሱን ነው።

መሐል ላይ ካስማ፣ ከዚያ ገመድ፣ ከዚያ አቅጣጫ። የኩታበሩ አያ እኮ ናቸው!

እንግዲህ ይሄ ቲዎሪ ነው ወይስ ኮምፒውተር? የትኛው ሳጥን ውስጥ ይግባ? ክርክሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ቪትሩቪየስ ስለ ሥነ ሕንፃ ሲጽፍ ገና ከመነሻው የሚያነሳው ይህንኑ ነው። በእጁ ብቻ የሠለጠነ ሰው ለድካሙ የሚመጥን ክብር አያገኝም፤ በንባብ ብቻ የተማመነ ደግሞ ጥላ ነው የሚያሳድደው ይላል። ሁለት ሺህ ዓመት አለፈው። እኛ አሁንም ቅጽ እንሞላለን።

የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ልደታ ባለው ግቢ ነው። የሀገራችን የሥነ ሕንፃ ትምህርት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድን ጋር የተቋቋመው የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በኔ ጊዜ ቲ-ስኩዌር የሚባለውን የቲ ቅርጽ ማስመሪያ፣ የቀለም ብዕርና ብርሃን የሚያሳልፍ ትሬሲንግ ወረቀት ነበር የምንይዘው። ቀለም ከተሳሳተ በምላጭ ይፋቃል። በዝግታ፣ ወረቀቱ እንዳይበሳ። ከዚያ የተፋቀውን ቦታ በጥፍር ታሸዋለህ፤ ካላሸኸው አዲሱ ቀለም ይስፋፋና ከፊተኛው የባሰ ይሆናል። አንድ ግድግዳ ለማንቀሳቀስ ግማሽ ሌሊት ይፈጃል። ስለዚህ ሰው ግድግዳውን ከማስቀመጡ በፊት ያስብ ነበር። ድሮ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ድሮ ወገብ ያሳምም ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ በደስታ ነው የተቀበልኩት። ግን ምን እንደመጣልን በደንብ የገባን አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ አሜሪካ፣ ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ የሠራው ስኬችፓድ የሚባል ፕሮግራም ነበር። በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ ይሳልበታል። ትልቁ ነገር ግን መሳሉ አይደለም። ሁለት መስመር ጎን ለጎን እኩል ተራርቀው ይሂዱ ብለህ ካዘዝከው፣ አንዱን ስትጎትተው ማሽኑ ሌላውን ያስተካክልልሃል። ደንብ ይይዛል። አውቶካድ የሚባለው የመሳያ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1982 ወጣ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ብዙዎቻችን የተሻለ ቲ-ስኩዌር አድርገን ነው የተጠቀምንበት። ምላጩ ቀረ። ሐሳቡ ከምላጩ ጋር አብሮ እንዳይቀር ማን ይጠብቅ? ለኔ የቲዎሪ አስተማሪ ሥራ እዚህ ጋ ነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። የዲዛይን ፕሮግራም ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚመጣው ሜዳ ነው። ጫፍ የሌለው፣ ውሃ ልክ የሆነ ሜዳ። የደሴ ሰው ይህን አይቶ አለመሳቅ አይችልም። ወገኖቼ፣ ደሴ ላይ ሜዳ የት አለ? በአንድ በኩል ጦሳ ተራራ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል፤ ከተማዋ መሐል ላይ ተሸጉጣለች። ማንም ሳያስተውለው ፕሮግራሙ "መሬት ማለት ጠፍጣፋ ነው" የሚል ትምህርት ይሰጣል። ይሄ ራሱ ቲዎሪ ነው፤ ያውም ሳይነገረን የምንማረው።

አንድ ተማሪዬ ተዳፋት ቦታ ላይ ጂ ፕላስ ፎር ዲዛይን አድርጎ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ ዛፍ አለው፣ መኪና አለው፣ ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ነጭ ሴት ከነውሻዋ ትሄዳለች። ሕንፃው ያረፈው ግን ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ስድስት ሜትር የሚሆን ዳገት በአንድ ጠቅታ ቆርጦ ጥሎታል።

"አፈሩ የት ሄደ?" አልኩት።

"ዴሊት አደረግኩት።"

"ከላይ ያለው ቤትስ? በምን ቆመ?"

ስክሪኑን አየ። እኔን አየ። ደሴ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ መሬት መንሸራተት ምን እንደሆነ በሰፈሩ ያውቃል። ክረምት ሲመጣ እናቱ የግቢያቸውን ስንጥቅ በዓይኗ ስትለካ አይቷል። ግን ያንን የሚያውቀው ልጅና ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ልጅ ተገናኝተው አያውቁም። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ያስተማርነው ሁለት ቦታ ከፍለን ነው።

ኮምቦልቻም ያው ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከፍታዋ ግን 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰህ ስትወርድ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ፕላኑ ግን ጃኬቱን አያወልቅም! ጉም ለሚያለብሳት ደሴ የተሳለው የመስታወት ፊት ኮምቦልቻ ላይ ኮፒ ፔስት ሆኖ ይቆማል። ደሴ ላይ ሰው ይበርደዋል፤ ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ ይቀቀላል። ባለቤቱ መጋረጃ ይገዛል።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያመጡልኝ ምሳሌ ስፔን፣ ቢልባኦ ያለው የአርክቴክቱ የፍራንክ ጌሪ ሙዚየም ነው። እውነታቸውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲከፈት ዓለምን አስደንቋል፤ የጌሪ ቢሮም ለአውሮፕላን ዲዛይን የተሠራውን ካቲያ የሚባል ፕሮግራም ተጠቅሞበታል። ግን ጌሪ የጀመረው በእጅ ከሚሠራ ሞዴል ነው። ማሽኑ የመጣው ሞዴሉን ለክቶ ቁጥር ለማድረግ ነው። መጀመሪያ የሚዳሰስ ነገር ነበረ።

እኛ ደግሞ የሚዳሰስ ነገር ሞልቶናል። ላሊበላ እዚሁ ወሎ ናት። ጠራቢው ከላይ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ነው የወረደው። ዓምድ የሚሆነውን ትቶ የቀረውን አወጣ። ስህተትን በአንድ ጠቅታ የሚመልስ ኮንትሮል ዜድ አልነበረውም። መስኮቱ የት እንደሚሆን፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ መሮው ከመነሳቱ በፊት በጭንቅላቱ አልቆ ነበር። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዘማኒ ፕሮጀክት እነዚያን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር ለክቷቸዋል። ደግ አድርጓል። ግን ላሊበላ ለካኝ አታጣም። የደሴ ፒያሳን ቤቶች፣ የሸዋ በርን፣ የሰኞ ገበያን ቤቶች ማን ይለካቸዋል?

አሁን ወደ ጥያቄዬ እየደረስኩ ነው። አንድ ቤት ልንገራችሁ። ፒያሳ አካባቢ ነበር። ባለ ፎቅ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ባለቤቷ አሮጊት ነበሩ። ቡና አፍልተው፣ ሜትሩን በአንድ ጫፍ ራሳቸው ይዘውልኝ መለካት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ደረጃውን ብቻ ጨረስኩ። አሥራ ሰባት ደረጃ ነው። አራተኛዋ መሐሏ ተበልቷል፤ ለምን እሷ ብቻ እንደሆነ ስጠይቃቸው "ልጆቼ ሁሉ እሷ ላይ ነው ቁጭ ብለው ያደጉት" አሉኝ። መደገፊያው ከእጅ ብዛት ለስልሷል። የቀረውን ክረምቱ ሲወጣ እለካለሁ ብዬ ሄድኩ።

ክረምቱ ሲወጣ ቤቱ የለም። እሳቸው አርፈዋል፤ ልጆቹ ተካፍለው ሸጠውታል። መብታቸው ነው፤ ማንንም አልከስም። የምከሰው አንድ ሰው ካለ "ክረምቱ ይውጣ" ያለችውን ነው። ዛሬ ከዚያ ቤት ያለኝ ከየትም ተነስቶ የትም የማይደርስ ደረጃ ነው።

እሱም በዕድል ነው የተረፈው። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የዓመታት ፋይል የያዘው ሃርድ ዲስኬ ጠፋ። የተማሪዎቼ ሥራ፣ ፎቶው፣ የማስተማሪያ ጽሑፌ፣ ሁሉም። በእርሳስ የሳልኩት ደረጃ ግን እናቴ ሳንዱቅ ውስጥ፣ ከጋቢ ሥር ተገኘ። "ዲጂታል የሚያስተምር ሰው ወረቀት ምን ያደርግለታል?" የሚሉኝ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሚለኝ አልመጣም።

ስለዚህ የከተማችን አስተዳደር ሆይ፣ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ባጀት አይደለም። ማፍረስ ይቁምም እያልኩ አይደለም። ከተማ ያድጋል፣ መንገድ ይሰፋል፣ የኮሪደር ልማትም መጥቷል። እኔ የምለው ከመፍረሱ በፊት ይለካ ነው።

አንደኛው ደብዳቤ ነው። ማኅተም ያለበት። ለምን መሰላችሁ? ሁለት ተማሪ ሜትር ይዞ በር ሲያንኳኳ የደሴ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ "ልታፈርሱ ነው?" የሚል ነው። ሜትር ያየ ሰው መሐንዲስ መጣ፣ ቤቴ መንገድ ገባ ይላል። አንዷ እናት ተማሪዎቼን በር ላይ አስቁመው አልቅሰዋል። ያንን ፍርሃት የኔ ማብራሪያ አያስወግደውም። "ይህ ልኬት ለትምህርትና ለታሪክ ብቻ ነው፤ ከማፍረስም ሆነ ከግብር ጋር ግንኙነት የለውም" የሚል ወረቀት ያስወግደዋል። ባለቤቱ አይሆንም ካለ ደግሞ አይሆንም ነው፤ አመስግነን እንመለሳለን።

ሁለተኛው መደርደሪያ ነው። ሙዚየሙ ይሁን ቤተ መጻሕፍት፣ ዝናብ የማይገባበት ይሁን እንጂ ግድ የለኝም። የእያንዳንዱ ቤት ልኬት በወረቀት ታትሞ እዚያ ይቀመጥ። ፋይሉም ሁለት ቅጂ፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ። አንድ ላይ እንዳይጠፉ።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ሁለት ሰው፣ ሜትር፣ ቱንቢ፣ ስልክ። አንድ ክፍል ሲለካ አራቱን ጎን ብቻ ለክቶ መውጣት የጀማሪ ስህተት ነው። አራት ጎኑ ልክ ሆኖ ክፍሉ የተጣመመ ሊሆን ይችላል፤ የድሮ ቤት ደግሞ ሁሌም ትንሽ ተጣሟል። ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፉ ሲለካ ነው ክፍሉ የሚያዘው። ከዚያ ግድግዳውን በስልክ ደጋግሞ ማንሳት፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ አድርጎ። ፕሮግራሙ ከፎቶዎቹ ውስጥ ተመሳሳይ ነጥቦችን ፈልጎ ቤቱን በሺህ በሚቆጠር ነጥብ ያቆመዋል። በሜትር የተለካው ደግሞ ለነጥቦቹ እውነተኛ መጠን ይሰጣል። ያለሱ ቤቱ የክብሪት ቀፎ ያክላል ወይስ የቤተ መንግሥት፣ ማሽኑ አያውቅም።

ለመምህራን ባልደረቦቼም አንድ ልመና አለኝ። እባካችሁ ይህን የኮምፒውተር ኮርስ ብቻ አታድርጉት። ልጁ የለካውን ቤት ሲያስረክብ አንድ ገጽ አብሮ ይጻፍ። በረንዳው ለምን ወደዚያ ዞረ? ሱቁና መኖሪያው ለምን በአንድ ደረጃ ተገናኙ? ግድግዳው ጭቃ ሆኖ መሠረቱ ለምን ድንጋይ ሆነ? የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ጎረቤት በር ለምን በአንድ ግቢ ተከፈተ? ቲዎሪ የሚጀምረው እንዲህ ካለ ጥያቄ ይመስለኛል። ጥያቄው የሌለበት ሞዴል ስክሪን ላይ የሚሽከረከር ዕቃ ነው።

ከየት እንጀምር የሚል ካለ፣ ብዙ ሰው "አይጠየፍ" እንደሚለኝ አውቃለሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ ነው፤ ስሙም ማንንም ሳይጸየፍ ሁሉን ስለሚያስተናግድ ነው ይባላል። ይለካ፣ ደስ ይለኛል። ግን አይጠየፍ ጠያቂ አለው። እኔ መጀመር የምፈልገው ጠያቂ ከሌለው ቤት ነው። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፣ ደረጃው የተበላ።

ደብዳቤው ከተገኘ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጀመር እንችላለን። ሃምሳ ሜትር የምትለካ ሜትር አለችኝ። ከአፏ አሥር ሳንቲም ተቆርጣለች፤ ከአሥር እየጀመርን እንቀንሳለን።

ከሰላምታ ጋር
የሆጤ ልጅ፣ የሥነ ሕንፃ መምህርት
ደሴ